የጨብጥ ባክቴሪያ መድኃኒትን የመቋቋም አቅም በላቦራቶሪ ሲመረመር

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች የጨብጥ ምልክት የታየበት ሰው በአብዛኛው የሚታከመው በሕመሙ ምልክቶች ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ የካልቸር ምርመራ ውጤት አይጠበቅም። አሠራሩ ሕክምናው ሳይዘገይ እንዲሰጥና የበሽታው ሥርጭት እንዲገታ ይረዳል። ይሁን እንጂ የታዘዘው መድኃኒት ኃይሉን ማጣት አለማጣቱን አያሳይም።

ባክቴሪያው እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ናይሰር ከተለየ ወዲህ የቀረቡለትን መድኃኒቶች በየተራ ተላምዷል። ሰልፋና ፔኒሲሊን ከአገልግሎት ውጪ ሆነዋል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የሚያካትተውን የመድኃኒት ምድብም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለጨብጥ እንዳይታዘዝ አድርጓል። ዋነኛው መመኪያ ሴፍትሪያክሰን ሲሆን፣ እርሱንም የሚቋቋም ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ኪዮቶ ተገኝቷል። ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ላለው ለቦሌ የኪዮቶ ርቀት ዋስትና አይሆንም።

ለምርመራው ከወንድ የሽንት ቧንቧ፣ ከሴት የማኅፀን አንገት ፈሳሽ ይወሰዳል። ተራ ጥጥ ባክቴሪያውን ሊጎዳ ስለሚችል ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ የናሙና መውሰጃ ይመረጣል። ናሙናው ቸኮሌት አጋር በተባለ፣ የጋለ ደም በተቀላቀለበት ማሳደጊያ ላይ ተዘርቶ፣ 5 በመቶ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት አየር፣ በ35 ወይም በ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ልዩ ኢንኩቤተር በሌለበት ሻማ በርቶበት የተከደነ ማሰሮ በተራ ማሞቂያ ውስጥ ቢቀመጥ ያገለግላል። የበቀለው ባክቴሪያ ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ በሌላ ሳህን ላይ ተዘርቶ መድኃኒት የያዙ ትናንሽ የወረቀት ክቦች ይቀመጡበታል። ከ20 እስከ 24 ሰዓት በኋላ በክቡ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቀለበት ይለካል። በአሜሪካ የላቦራቶሪ መመዘኛ መሠረት የሴፍትሪያክሰን ቀለበት 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ የሲፕሮፍሎክሳሲን 27 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ግን ባክቴሪያው ተቋቁሞታል። ባክቴሪያውን ሳያሳድግ የዘር ቅንጣቱን ብቻ የሚፈልገው ፈጣን የሞለኪውል ምርመራ በሽታውን ቢያገኝም ይህን ልኬት አይተካም።

የጨብጥ ባክቴሪያ ከሰው አካል ውጭ ብዙ አይቆይም። ከአያት ወይም ከሲኤምሲ ጉለሌ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ናሙና ቢላክ፣ በማጓጓዣ ውህድ ውስጥ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ ይኖርበታል። ለሌሎች ናሙናዎች የተለመደው የበረዶ ሣጥንም ለዚህ አይበጅም፤ ቅዝቃዜ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ሞቶ የደረሰ ናሙና ደግሞ ሕመምተኛው ነፃ የሆነ ያስመስላል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድን መድኃኒት የሚቋቋሙት ዝርያዎች 5 በመቶ ሲደርሱ በሕክምና መመሪያው ላይ ያለው መድኃኒት እንዲለወጥ ይመክራል። ይህ መጠን የሚታወቀው ናሙና በተከታታይ ሲሰበሰብ፣ በተለይም መርፌውን ወስዶ ፈሳሹ ያልቆመለት ሰው ሌላ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ናሙና ሲሰጥ ነው።