የኤም ጂ ስፖርት መኪኖች እድሳት

የኤም ጂ መኪና እድሳት በእንግሊዝ አገር፣ በተለይ በኦክስፎርድና በአቢንግደን የተሠሩ አሮጌ የስፖርት መኪኖችን እስከ መጨረሻው ቡሎን ፈትቶ፣ ዝገታቸውን አስወግዶና ጎዶሏቸውን ሞልቶ መልሶ የመግጠም ሥራ ነው። ብዙዎቹ አዳሾች መካኒክነት መተዳደሪያቸው አይደለም፤ ማታ ማታና ቅዳሜና እሑድ በየቤታቸው ጋራዥ ስለሚሠሩ አንዲት መኪና ዐሥር ዓመት ብትፈጅ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመር

ኤም ጂ የሚሉት ፊደላት የመኪና አምራቹ ዊልያም ሞሪስ በኦክስፎርድ ከነበረው የመኪና መሸጫና መጠገኛ፣ ከሞሪስ ጋራዥስ ስም እንደተወሰዱ በሰፊው ይታመናል። በ1922 የጋራዡ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሴሲል ኪምበር ተራውን የሞሪስ መኪና ቀለል ያለና ያማረ አካል እያለበሰ መሸጥ ያዘ። የመጀመሪያዋ ኤም ጂ የትኛዋ ናት በሚለው ላይ ግን ጸሐፊዎች አይስማሙም። 1923ን የሚመርጡት በዚያ ዓመት ኪምበር ያሠራቸውን ባለ ሁለት መቀመጫ መኪኖች ይጠቅሳሉ፤ 1924 ነው የሚሉት ደግሞ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ዓርማ በዚያ ዓመት በሕግ መመዝገቡን ያነሣሉ። ድርጅቱ ራሱ ለረዥም ጊዜ በኩራት ሲያሳይ የኖረው ከሁለቱም የተለየች መኪና ነው። ኪምበር በ1925 ከለንደን እስከ ላንድስ ኤንድ ለሚካሄደው ውድድር ያዘጋጃት ይህች መኪና «ኦልድ ነምበር ዋን» ትባላለች። ከእርሷ በፊት በኤም ጂ ስም የተሸጡ መኪኖች ስለነበሩ ስሟን እንደ ማስረጃ መውሰድ አስቸጋሪ ነው። ከእድሳት አንጻር ግን ልዩ ቦታ ይገባታል፤ ተሸጣ እንደማንኛውም አሮጌ መኪና ስታገለግል ከቆየች በኋላ ፋብሪካው መልሶ ገዝቶ አድሷታልና። ዛሬ በጌይደን በብሪታንያ ሞተር ሙዚየም ትገኛለች።

ቡሎንና ዳዶ

ከ1936 እስከ 1955 የተሠሩትን የኤም ጂ ቲ ተከታታይ መኪኖች ሞተር የሚፈታ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ግራ የሚያጋባው ቡሎኑ ነው። የቡሎኑ ራስ የተለካው በእንግሊዞቹ የዊትዎርዝ ልክ ስለሆነ በኢንች ወይም በሚሊሜትር የተሠራ ቁልፍ በትክክል አይዘውም። የዊትዎርዝ ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የቡሎኑን ራስ ስፋት ሳይሆን የግንዱን ውፍረት የሚናገር በመሆኑ ጀማሪውን የባሰ ያደናግራል። በዚህ ላይ የቡሎኑ ጥርስ ሲለካ ሚሊሜትር ሆኖ ይገኛል።

ምክንያቱ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ሆችኪስ የተባለው የፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ድርጅት በጦርነቱ ጊዜ በኮቨንትሪ ከተማ መትረየስ የሚያመርት ፋብሪካ ከፈተ። ሰላም ሲወርድ ሥራ የፈቱት ማሽኖች ለሞሪስ ሞተር ማምረት ጀመሩ፤ በ1923ም ሞሪስ ፋብሪካውን ጠቅልሎ ገዛው። ማሽኖቹ ጥርስ የሚያወጡት በሚሊሜትር ነበር። እነርሱን መለወጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ጥርሱ እንዳለ ቀረ። የእንግሊዝ መካኒክ በእጁ ባለው ቁልፍ መፍታት እንዲችል ግን የቡሎኑ ራስ በአገሩ ልክ ተሠራ። ይህ አሠራር የሞሪስን የሞተር ፋብሪካ ተከትሎ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ዘለቀ። የሻንሲው ቡሎኖች በአብዛኛው የእንግሊዝ ጥርስ ስላላቸው በአንድ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ልክ ይገናኛል።

ይህ ተራ የታሪክ ወግ አይደለም። የሞተሩ 8 ሚሊሜትር ቡሎን ጥርሶች 1 ሚሊሜትር ሲራራቁ፣ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የተለመደው 8 ሚሊሜትር ቡሎን ርቀት 1.25 ነው። ይኸኛው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እሺ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ይጠብቃል፤ ያላወቀ ሰው በኃይል ሲያጠብቀው ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ጥርስ ይልጠዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ አዳሽ እያንዳንዱን ቡሎን ከነዳዶው በትንሽ ከረጢት አድርጎ የወጣበትን ቦታ ይጽፍበታል። ጤነኛ የሆነ የፋብሪካ ቡሎንን መጣል ከዚህ ሥራ ስሕተቶች ሁሉ የከፋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምትኩ ውድ ነው፤ እውነተኛው ደግሞ ከኮቨንትሪ የወጣው ብቻ ነው።

አካልና ዝገት

በቲ ተከታታይ ላሜራው የሚያርፈው አሽ ከተባለው ዛፍ በተሠራ የእንጨት አጥንት ላይ ነው። እንጨቱ ከበሰበሰ በሩ ይወርዳል፤ እዚህ ላይ ከብየዳ ይልቅ አናጢነት ይጠቅማል።

ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተው ኤም ጂ ቢ ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም። ጭነቱን የሚሸከሙት በተለይ ጣሪያ በሌለው ዓይነት ከበሮቹ ሥር ያሉት ደፎች ናቸው። ደፉ ተደራርበው በተበየዱ ላሜራዎች የተሠራ ዝግ ሣጥን ነው። ከፊት ፓራፋንጎ በኩል የገባ ጭቃና ውሃ በውስጡ ይቀርና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል፤ ቀለሙ አምሮ እያለ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ሻጮችም በስቱኮ ይሸፍኑታል። ደፉ ያለ ድጋፍ ከተቆረጠ መኪናዋ ወገቧ ላይ ትጎብጣለች፤ ከዚያ በኋላ በሩ አይገጥምም። የተለመደው ዘዴ በበሩ ክፍተት ላይ ብረት አጋድሞ በጊዜያዊነት መበየድ፣ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ማለፍ፣ ከእያንዳንዱ ብየዳ በፊትም በሩን ሰቅሎ ክፍተቱን ማየት ነው።

ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በ1988 በቀድሞዎቹ የፋብሪካ ቅርጽ ማውጫዎች አዲስ የኤም ጂ ቢ አካል ማምረት ጀመረ። ይህ ብዙ መኪኖችን ከመጣል አድኗል፤ አካሏ ሁሉ ተለውጦ መኪናዋ ያችው ናት ወይ የሚለውን ክርክርም አንሥቷል። አንዳንዶች ሞተሩና ቁጥሩ ካሉ ናት ይላሉ። ሌሎች ዝገቱን ብቻ ቆርጦ በቦታው ላሜራ መጣፍን ይመርጣሉ፤ ጊዜ ቢወስድም የሚበልጠው ይኸኛው ይመስላል።

ኤሌክትሪክ

እስከ 1967 በተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ዘመናዊ ሬዲዮ ግን የሚሠራው ኔጋቲቩ ጫፍ ከአካሉ ጋር ሲታሰር ስለሆነ ሳያስተውሉ ማገናኘት ያቃጥለዋል።

ሕግ

በብሪታንያ 40 ዓመት ያለፋቸው መኪኖች ከዓመታዊ የመንገድ ግብር ነጻ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዓመታዊ ምርመራ ነጻ ለመሆን ግን ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መሆን አለባቸው። በፋብሪካው ቅርጽ የተሠራ ምትክ ሻንሲ ወይም አካል መግጠም እንደ መሠረታዊ ለውጥ አይቆጠርም።