የሥዕልና የንድፍ ትምህርት በባሌ ደጋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

የሥዕልና የንድፍ ትምህርት ሕፃናትን አትኩሮ ማየትንና ያዩትን በእጅ ማበጀትን ያስለምዳል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲን ተከትሎ በተቀረጸው ሥርዓተ ትምህርት፣ ሥዕል በታችኛው የአንደኛ ደረጃ እርከን ከሙዚቃና ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር «ሥነ ውበት» በሚል የጋራ ስም ይሰጥ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ ክፍል ወስኖ ሥዕልን ከሙዚቃና ከቴአትር ጋር በክወናና እይታ ጥበባት ሥር አስቀምጦታል። የአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት በየክልሉ የሚዘጋጁ ናቸው፤ በባሌም ትምህርቱ በዋናነት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል። ስለዚህ የአካባቢው ዕቃና መልክዓ ምድር ወደ ሥዕል ክፍለ ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል ነገር የለም።

የሚገባውም ብዙ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ትገኛለች። የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራው ግርጌ ተቀምጣለች። ከጎባ ወደ ላይ ሲወጣ ጥዱና ኮሶው ለአስታ፣ አስታውም ለሳነቴ አምባ ጅብራ ቦታውን ይለቃል። ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን የሚኖሩበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሮቤ ዙሪያ እርሻው «ጋና» እና «ቦና» የሚባሉ ሁለት ወቅቶች ስላሉት የማሳው ቀለም በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይለዋወጣል። አንድን ማሳ ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሆኖ በየወሩ የሚስል የ4ኛ ክፍል ተማሪ፣ «አረንጓዴ» ይለው የነበረው ቀለም ከቡቃያ እስከ እሸት ስንት ዓይነት እንደሆነ በገዛ ዓይኑ ይረዳል።

በብዙ ክፍሎች የሚታየው ልማድ ግን ሌላ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ሥዕል ይሥላል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ የተሻለ የመሰለለት የተሻለ ውጤት ያገኛል። ይህ ልማድ ጉዳቱ የሚከፋው ከ9 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ተመራማሪው ቪክቶር ሎውንፌልድ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ ለሰው፣ ለዛፍና ለቤት የየራሱ ቋሚ ቅርጽ አለው፤ ሁሉንም በአንድ የመሬት መሥመር ላይ ይደረድራል። ከ9 ዓመት በኋላ ሥዕሉ የዕውኑን ነገር እንዲመስልለት ይፈልጋል፤ ሳይመስልለት ሲቀር «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ ይተወዋል። የመምህሩን ሥዕል መገልበጥ ይህንን ተስፋ መቁረጥ ያፋጥነዋል፤ ልጁ ሥራውን የሚያስተያየው ካየው ነገር ጋር ሳይሆን ከአዋቂ እጅ ጋር ስለሆነ። በዚህ ዕድሜ የሚጠቅመው ዕቃውን ራሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስለ ዕቃው መጠየቅ ነው፦ የትኛው ጎን ሰፋ? ጥላው ወዴት ወደቀ? ከፊት ያለው የኋላውን ምን ያህል ሸፈነው?

ለንድፍ ትምህርት ከስፌት የተሻለ ማስተማሪያ ማግኘት ይከብዳል። በደጋው መንደሮች እናቶችና አያቶች የሚሰፉት ሰፌድና ሞሰብ የሚጀመረው ከመካከል፣ ከትንሽ የሣር እምብርት ነው። የሣሩ ጥቅል በወስፌ እየተወጋ፣ ቀለም በገባው አለላ እየተጠመጠመ ዙር በዙር ይሰፋል። ጥቅሉ ግማሽ ሴንቲሜትር ቢወፍር እያንዳንዱ ዙር ካለፈው 3 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። በመሆኑም ከእምብርቱ የሚነሣ ጨረር ወርዱ እኩል ሆኖ እንዲወጣ ከተፈለገ የቀለሙ ጥምጥም ቁጥር በየዙሩ አይለወጥም፤ ወደ ውጭ የሚሰፋ ሦስት ማዕዘን ከተፈለገ ግን በየዙሩ ጥምጥም መጨመር ግድ ነው። ሰፊዋ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀትና ያለ ማስመሪያ በልቧ ትቆጥራለች። ተማሪዎች አንድ ሰፌድ ይዘው የየዙሩን ጥምጥም ቢቆጥሩ፣ ቀጥለውም የራሳቸውን ጥለት በባለ አራት ማዕዘን ደብተር ላይ ቢነድፉ፣ ሒሳብና ሥዕል በአንድ ክፍለ ጊዜ ይማራሉ። ከሁሉም በላይ ሰፊዋን ክፍል ድረስ ጋብዞ እጇን እንዲያዩ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆቹ የቤታቸው ሙያ ዕውቀት መሆኑን በመምህራቸው ፊት ሲከበር ያዩታል።

የፈረስ ኮርቻም እንዲሁ ነው። የባሌ ደጋ የፈረስ አገር በመሆኑ፣ ኮርቻ ለምን እንደተቆለመመና ክብደቱ በፈረሱ ጀርባ ላይ የት እንዲያርፍ እንደታሰበ መመርመር ቅርጽ ከአገልግሎት እንዴት እንደሚመነጭ በቀላሉ ያሳያል።

የቀለምና የወረቀት እጥረት እውነተኛ ችግር ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱን ለማስቀረት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ከሰል፣ የተጣለ ካርቶንና አፈር በየደጁ አለ። ከሮቤ ሜዳ ጥቁር አፈር፣ ለመንገድ ከተቆረጠ ዳገት ደግሞ ቀይ አፈር ተወስዶ በውኃ ይበጠበጣል፤ አሸዋው ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ድፍርስ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። ድፍርሱ እስኪረጋ ተቀምጦ ውኃው ይቀነስና ዝቃጩ ደርቆ ይወቀጣል። በውኃ ከሟሟ የግራር ሙጫ ጋር ሲለወስ ካርቶን ላይ የሚይዝ ቀለም ይወጣዋል፤ ሙጫው ካነሰ በጣት ሲነካ ይረግፋል፣ ከበዛ ይሰነጣጠቃል። እርጥብ አፈር ሲደርቅ ስለሚነጣ፣ ልጆቹ መጀመሪያ የናሙና ቅብ ቀብተው ማድረቅ አለባቸው። እርድ ለቢጫ፣ ከሰል ለጥቁር ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚሳካው መምህሩ ራሱ ሠርቶ ካየው ነው። በታችኛው እርከን አንድ መምህር ብዙውን ጊዜ ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ያስተምራል፤ በሥዕል የተለየ ሥልጠና ያለው ጥቂት ነው። በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተከፈተው፣ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ስለዚህ ለደጋው ሸክሙን የሚወስደው ሮቤ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። እጩ መምህራን ስለ ሥዕል ንድፈ ሐሳብ ከሚያጠኑበት ሰዓት ከፊሉ አፈር ለማጥለል፣ ስፌት ለመቁጠርና በሜዳ ለመሣል ቢውል ይሻላል። ምዘናውም አብሮ መለወጥ አለበት። የመስከረሙንና የሰኔውን ሥራ በአንድ አቃፊ አስቀምጦ የተማሪውን ለውጥ ከራሱ ከቀድሞ ሥራ ጋር ማመዛዘን፣ ሥዕሉ የመምህሩን መምሰሉን ከመለካት ይልቅ ስለ ትምህርቱ እውነቱን ይናገራል።