«ውጣ» እና «አውጣልን»

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ «መምህር፣ አጋንንት የሚያስወጡ የካቶሊክ ካህናት ቋንቋቸው ለምን ለየት ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ስለረዘመብኝ እዚሁ ላድርገው። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1614 ሮም ያወጣችው የጸሎት ሥርዓት ርኩሱን መንፈስ ፊት ለፊት ያናግራል። በላቲን ነው፣ ግሱም ትእዛዝ ነው፦ ውጣ! ካህኑ ስሙን፣ የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት ይጠይቀዋል። ጠበል ቦታ «ማን ነህ? ልቀቅ!» ሲባል የሰማ ሰው ብዙ አይገርመውም። ያው መጽሐፍ ግን ካህኑን ቶሎ እንዳያምንና ለወሬ ብሎ እንዳይጠይቅ ያስጠነቅቀዋል።

በ1967 አሜሪካ፣ ፒትስበርግ፣ ዱኬን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የካቶሊክ ካሪዝማቲክ እንቅስቃሴ ተጀመረ። ከጴንጤቆስጤዎች የመጡ ቃላትም አብረው ገቡ፦ የመንፈስ ጥምቀት፣ ልሳን፣ እስራት መበጠስ፣ የተከፈተ በር። አሁን ትእዛዙ በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሆነ፣ ተናጋሪውም የግድ ካህን አልነበረም። የሉሳካው ሊቀ ጳጳስ ኢማኑኤል ሚሊንጎም ዛምቢያ ውስጥ «ማሻዌ» የሚባለውን መንፈስ ሕዝቡ በሚጠራበት ስም እየጠሩ ይጸልዩ ነበር። በ1982 ሮም ጠራቻቸው፤ በ1983 ከመንበራቸው ለቀቁ።

በ1985 ካርዲናል ራትሲንገር (በኋላ ቤኔዲክቶስ 16ኛ) ለጳጳሳት ደብዳቤ ጻፉ። መልእክቱ ባጭሩ፦ ሥልጣን የሌለው ሰው አጋንንትን በቀጥታ የሚያናግርና ማንነታቸውን የሚጠይቅ ጉባኤ አይምራ።

ይሄ የሰዋስው ክርክር ብቻ ይመስላል አይደል? አይደለም። በ1976 ጀርመን ውስጥ አኔሊዘ ሚሼል የምትባል የ23 ዓመት ወጣት ለወራት በ1614ቱ ሥርዓት ሲጸለይላት ቆይታ በረሃብ ተጎድታ ሞተች። የጸሎቱ ድምፅ በቴፕ ተቀድቷል፤ ካህናቱ መንፈሱን ስሙን ይጠይቃሉ። በ1978 ወላጆቿና ሁለቱ ካህናት በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተባሉ።

በ1999 የወጣው አዲሱ ሥርዓት ቅደም ተከተሉን ቀየረ። ወደ እግዚአብሔር የሚቀርበው ልመና፣ «አውጣልን» የሚለው፣ ግዴታ ሆነ። «ውጣ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ከልመናው በኋላ በካህኑ ምርጫ ብቻ። ሐኪም ማማከርም ተመከረ። የሮሙ ዝነኛ አጋንንት አስወጪ አባ ጋብሪኤሌ አሞርት አዲሱን ሥርዓት አጥብቀው ተቃወሙ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ይሄን ነው፦ «ውጣ» የሚል ሰው የሚያወራው ከመንፈሱ ጋር ነው። መሀል ላይ የተኛችውን ልጅ «በልተሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ሊጠፋ ይችላል።

እናንተስ በሰፈራችሁ የሰማችሁት የትኛውን ነው? ጻፉልኝ።