ምርት ሲያድግ የተፈናቀለው ማን ነበር? የጭላሎ ጭሰኞችና የገቢ ልዩነት ታሪክ



ስለ ገቢ ልዩነት በተነሣ ቁጥር «መጀመሪያ ሀብቱ ይደግ፤ ክፍፍሉ ኋላ ይደርሳል» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ይህ አስተሳሰብ በሀገራችን በተግባር የተፈተነበት ስፍራ አለ፤ እርሱም በአርሲ ጠቅላይ ግዛት የጭላሎ አውራጃ ነው።

በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአሕጽሮት ስሙ ካዱ፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ሥራውን ጀመረ። ዓላማው የአነስተኛውን ገበሬ ኑሮ ማሻሻል ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ ለስንዴው ገበያ አመቻቸ። ምርቱም በእርግጥ አደገ። ይሁን እንጂ ከአውራጃው ገበሬዎች ብዙዎቹ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይገብራል፤ ውሉም በአብዛኛው የቃል በመሆኑ ባለመሬቱ በፈለገ ጊዜ ሊያስነሣው ይችላል።

ቀደም ሲል ባለመሬቱ ጭሰኛውን የሚያቆየው ስለሚያስፈልገው ነበር፤ ያለ ጭሰኛው ጉልበትና በሬ መሬቱ ጦም ያድራል። ማዳበሪያና ትራክተር ሲመጡ ግን ይህ መተሳሰር ላላ። የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ስለነበር ባለመሬቶች ራሳቸው በትራክተር ማረስን፣ ወይም መሬታቸውን ገንዘብ ላላቸው ተከራዮች መስጠትን መረጡ። በርካታ የጭሰኛ ቤተሰቦች ተፈናቀሉ፤ ለቀሩትም የመሬቱ ኪራይ ናረ። ለድኻው የታሰበው ልማት ባለጸጋውን ይበልጥ አበለጸገ።

መፍትሔው በሕግ ሊመጣ ይችል አልነበረምን? የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት የሚደነግግ ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤት ቀርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ምክንያቱን ለመረዳት የምክር ቤቱን አባላት መመልከት ይበቃል። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ባለንብረት መሆን ነበረበት። ጭሰኛው ስለ ጭሰኝነት በሚመከርበት አዳራሽ ወንበር አልነበረውም። የገቢ ልዩነት በኪስ ብቻ ተወስኖ አይቀርም የምንለው ስለዚህ ነው፤ ሕግ የማውጣትን ዕድል ጭምር ያከፋፍላል፤ የወጣው ሕግ ደግሞ ልዩነቱን መልሶ ያጸናል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ይህ በር ተዘግቶ ስላዩት ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የአንድን ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጭሰኝነትንም ሻረ። ሆኖም መሬትን መሸጥና ማከራየትም ስለተከለከለ፣ ገበሬው ከባለመሬቱ ነፃ ሲወጣ በይዞታው ላይ የመወሰን ሥልጣኑ በመንግሥት እጅ ገባ። የአዋጁ ትሩፋትና ጉድለት አብረው መጠናት ያለባቸው በዚህ የተነሣ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ የጭላሎን ስንዴ በኩንታል ብቻ የመዘነ ተመራማሪ የተሳካ ፕሮጀክት ያያል። ማን አርሶ ማን እንደ ወሰደ፣ ማንስ ከቀዬው እንደ ተነሣ የጠየቀ ግን አብዮቱ ለምን እንደ መጣ ይረዳል። ዛሬም የዕድገት አኃዝ በቀረበላችሁ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ እንድታነሡ አደራ እላለሁ።