የበረዶ ሆኪ እንጀራ

ባለፈው ሳምንት መርካቶ ምናለሽ ተራ ብቅ ብዬ ሳለ፣ በአሮጌ ብረታ ብረት ክምር ላይ አንድ እንግዳ ጫማ አየሁ። ከሶሉ ሥር ቢላ የመሰለ ረጅም ስለት ተገጥሞለታል። ቁራሌዎች ከአንድ ግቢ ገዝተው ያመጡት ነው። ወጣቱ ነጋዴ «ጫማው ይጣላል፣ ብረቱ ቢላ ይወጣዋል» አለኝ። የበረዶ ሆኪ መጫወቻ መሆኑን ስነግረው ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ እንጀራ ያበላል?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው አዲስ አልሆነብኝም። ሚኒሶታ የምትኖረው እህቴ፣ የ11 ዓመት ልጇ ልቡ በዚህ ጨዋታ ስለተነደፈ፣ ለጫማው፣ ለመከላከያውና ለጉዞው ስትከፍል ከርማ «ላስቁመው ወይስ ልቀጥልለት?» ብላ በስልክ ጠይቃኝ ነበር።

ለመሆኑ የሆኪ ተጫዋች ሕይወት ምን ይመስላል? ጨዋታው የእኛው ገና በበረዶ ላይ ነው ቢባል ብዙም ስህተት የለውም። በረኛውን ጨምሮ 6 ለ6 ሆነው፣ 61 በ26 ሜትር ገደማ በሆነ ሜዳ፣ ክብ ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ ይመታሉ። ሩጫው አድካሚ ስለሆነ ተጫዋቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ተቀይሮ ይወጣል።

ሥራው ግን በልጅነት ይጀመራል። አብዛኞቹ 5 ወይም 6 ዓመት ሲሆናቸው በረዶ ላይ ይቆማሉ። በ16 እና በ17 ዓመታቸው ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ርቀው፣ በማያውቁት ከተማ የሰው ቤት አድረው በወጣቶች ሊግ ይጫወታሉ። (እህቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች።) ከ18 ዓመት ጀምሮ ምልመላ አለ። የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ 32 ክለቦች በ7 ዙር 224 ወጣቶችን ይመርጣሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዋናው ሊግ አንድም ጨዋታ ሳያደርጉ ይቀራሉ። በ18 ዓመቱ የሚፈርም ወጣት የመጀመሪያ ውሉ የ3 ዓመት ሲሆን፣ ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ ካወረደው ደመወዙም አብሮት ሊወርድ ይችላል። ያልቀናው ስዊድን ወይም ስዊዘርላንድ ሄዶ ይሞክራል። የቀናውም ቢሆን ጥርሱንና ጉልበቱን፣ አንዳንዴም የጭንቅላቱን ጤና ገብሮ ነው።

በዚህ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ሲሰለፍ ቀኝ ዓይኑ ማየት እንደተሳነው ደብቆ ነበር።

ከእኛ ወገን ለበረዶ ስፖርት የቀረበው ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ እርሱም ቢሆን የስኪ እንጂ የሆኪ ሰው አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ገባ፣ ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፤ በ2010ም ቫንኩቨር ተሰልፏል። አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በእኔ እምነት ሮቤልን ከመርካቶ ልጆች የለየው እግሩ ሳይሆን ያደገበት በረዶ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ ናይሮቢ ፓናሪ ሆቴል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 በተከፈተች አንዲት የበረዶ ሜዳ ተነስታ፣ በ2024 የዓለም አቀፉ ሆኪ ፌዴሬሽን አባል ሆናለች።

ለእህቴ የመለስኩላት እንዲህ ነው፦ እንጀራው ላይ አትቁጠሪ፤ ነገር ግን ለሆኪ ተጫዋቾች የትምህርት ወጪ የሚሸፍኑ ዩኒቨርሲቲዎች አሉና ትምህርቱን እስካልበደለ ድረስ ይጫወት። ከቤት ይውጣ የሚሉሽ ቀን ግን እንደገና ደውይልኝ።

ጫማውን ልገዛው ነበር። ነጋዴው ክምሩን ቢያገላብጥ የግራው ብቻ ነው ያለው።