የወለቀ ጥርስ ወዴት ይሄዳል?



እዚህ ጅቡቲ ከተማ በማስተምርበት ክፍል አንድ ቀን አንዲት የሰባት ዓመት ተማሪ እጇን ጨብጣ መጣች። ስትከፍተው የወለቀች የፊት ጥርሷ ነበረች። «ቲቸር፣ እማዬ ጣሪያ ላይ ወርውሪው ብላኛለች። ግን የምንኖረው በሰው ቤት ነው፤ ባለቤቷ ትቆጣለች። ካልወረወርኩት አዲሱ አይበቅልልኝም?» አለችኝ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ልጅ «ውሸት ነው! ዝም ብሎ ይበቅላል» ብሎ ሳቀባት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ምክንያት ነው።

እኔም በልጅነቴ ጥርሴን ሳር ክዳን ላይ ወርውሬ፣ ወደ ኋላ ሳላይ ሮጬ ቤት ገብቻለሁ። ለወፍ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ለአይጥ ነው የሚሉም ነበሩ። የማይለያዩበት ነገር ቢኖር ልመናው ነው፤ አሮጌውን ውሰድ፣ አዲስና ጠንካራ ስጠኝ።

ይህ የእኛ ብቻ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በብዙ የአረብ አገሮች ልጆች ጥርሳቸውን ወደ ፀሐይ ይወረውራሉ። ኢብን አቢ አል-ሐዲድ የተባለው የባግዳድ ሊቅ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ልማድ ጠቅሶታል፤ ስለዚህ ዕድሜው ቢያንስ ሰባት መቶ ዓመት ያልፋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ፍሬዘር ደግሞ በ1890 መታተም በጀመረው «ዘ ጎልደን ባው» በተባለው መጽሐፉ፣ እጅግ ርቀው በሚገኙት የፓሲፊክ ደሴቶች ጭምር ልጆች ጥርሳቸውን ጣሪያ ላይ እየጣሉ አይጥን እንደሚለምኑ ጽፏል። ለምን አይጥ? የአይጥ የፊት ጥርስ ጠንካራ ነው፤ ዕድሜ ልኩንም ማደጉን አያቆምም። ሣር ክዳን ውስጥም ቤቱን የሚሠራው እሱ ነው። ሰዎች ያዩትን ነገር ነው ተስፋ ያደረጉት።

ጅቡቲ ውስጥ ፈረንሳይኛ ስለምንሰማ የፈረንሳዮቹንም እንመልከት። የእነሱ ልጆች ጥርሱን ትራስ ሥር ያደርጉታል፤ ትንሿ አይጥ ሌሊት መጥታ ትወስደውና ሳንቲም ትተዋለች። ብዙዎች ይህን እምነት ማዳም ዶልኗ በ1697 ካሳተመችው የአይጥ ተረት ጋር ያያይዙታል። በስፔን ደግሞ ሉዊስ ኮሎማ የተባለ ቄስ በ1894 ገና ስምንት ዓመት ለነበረው ለንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ፣ ፔሬዝ ስለተባለ አይጥ ተረት ጻፈለት። ንጉሥም ቢሆን ጥርሱ ይወልቃል እኮ! አሜሪካኖች «ቱዝ ፌሪ» የሚሏት ባለ ክንፏ ግን ገና ወጣት ናት። በጋዜጣ ላይ ስሟ ተጽፎ የተገኘው በ1908 ቺካጎ ውስጥ ነው።

ታዲያ እምነቱ ለምን በየቦታው ተገኘ? የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። ከስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ እየወለቁ ይተካሉ። ልጁ ከሰውነቱ የሆነ ነገር ደም እያየ ሲለየው ይህ የመጀመሪያው ነው። ትምህርት ቤት የሚገባውም በዚሁ ዕድሜ ነው። ጣሪያውም፣ ፀሐዩም፣ ትራሱም ለልጁ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ የሄደው ይተካል። ቤቱንና ሰፈሩን ጥሎ ለመጣ ልጅ ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

መምህራን ሆይ፣ እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት አለብን። ስለ ወተት ጥርስ የምናምነው ሁሉ ደግ አይደለም። በኢትዮጵያና በአካባቢው አገሮች፣ ጨቅላ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ጥርሱ ነው» ተብሎ ድዱ ተቆፍሮ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ይወጣል። የወተት ጥርስ ማስነቀል የሚባለው ይህ ነው። ሕፃኑ ጥርስ የሚያበቅልበት ጊዜ፣ ምግብ የሚጀምርበትና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከትበት ጊዜ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው ቆሻሻው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ባልተቀቀለ መሣሪያ ድድ መቆፈር ደም ያፈሳል፣ ቴታነስና ሌላ ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ሕፃኑንም ሊገድል ይችላል። ቋሚው ጥርስም ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት አካል መጉዳትን ያስቀጣል። ሕፃን ሲያስቀምጠው መፍትሔው በሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተበጠበጠ ውሃ፣ ጡት ማጥባትና ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

እንግዲህ መለኪያው ቀላል ነው። ልጅን የሚያጽናና፣ ማንንም የማይጎዳ እምነት ይቆይ። ልጅን የሚያደማ ይቅር። የመጀመሪያውን ልጁ ራሱ ሲያድግ ይተወዋል፤ እኛ ቸኩለን ባደባባይ ልናፈርስበት አይገባም። ሁለተኛውን ግን እኛ ትልልቆቹ ካላስቆምነው የሚያስቆመው የለም።

የዚያችን ልጅ ነገር ልጨርስ። «ይበቅልልሻል» አልኳት፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ክፍሉን በሙሉ ይዤ ወጣሁ። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ወረወረችው፤ ኳ ብሎ እዚያው ቀረ። ሁሉም አጨበጨቡ። ያ የሳቀባትም ልጅ ቀስ ብሎ መጥቶ «ቲቸር፣ የእኔም እየተነቃነቀ ነው» አለኝ።

በአሊ አዴና በሆልሆል ያላችሁ መምህራን፣ ጣሪያችሁ ሸራ ቢሆንም ይህን ሞክሩት። ተማሪዎቻችሁ እናቶቻቸውንና አያቶቻቸውን «የእናንተ ጥርስ የት ተጣለ?» ብለው ጠይቀው በየቋንቋቸው ይጻፉ። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አፋርኛው፣ አረብኛው ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጥሩ የታሪክ ትምህርት ይወጣዋል።

ቸር ይግጠመን።