የመኪና ቴፕ ጩኸት ታሪክ፦ ከካንዴላ እስከ ዲናሞ



«ቲቸር፣ የመኪናዬ ቴፕ ይጮኻል፣ ማጣሪያ ልግዛለት?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይመጣልኛል። የታሪክ መምህር ስለ ቴፕ ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባዋል! እያንዳንዱ ጩኸት የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ምንጩን ያገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ፖል ጋልቪንና ወንድሙ ጆሴፍ ቺካጎ ውስጥ ለመኪና የሚሆን ራዲዮ ለመሥራት ተነሱ። ከባዱ ሥራ የመጣው ሞተር ሲነሳ ነው። ካንዴላ በፈነጠቀ ቁጥር ብልጭታው ራሱ እንደ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ሞገድ ይረጫል። የዚያ ዘመን ራዲዮ ደግሞ ኤኤም ነው። ኤኤም ድምፅ የሚሸከመው በሞገዱ ከፍታና ዝቅታ ስለሆነ የካንዴላው ብልጭታ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይገባል። መፍትሔው ጩኸቱን ከምንጩ ማፈን ሆነ፦ ካንዴላው ላይ ሬዚስተር፣ ዲናሞው ላይ ካፓሲተር። ጋልቪን በዚያው ዓመት መኪናውን እየነዳ አትላንቲክ ሲቲ ወደሚካሄደው የራዲዮ አምራቾች ጉባኤ ሄደ፤ ውጪ አቁሞም ለሰው አሰማ። ራዲዮውን ሞቶሮላ አለው። አዎ፣ በኋላ ስልክ የሠራው ሞቶሮላ!

ኤድዊን አርምስትሮንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 ለኤፍኤም የፈጠራ መብት አገኘ። ኤፍኤም ድምፅን የሚሸከመው በሞገዱ የድግግሞሽ ለውጥ ነው፤ ስለዚህ የካንዴላ ብልጭታ ያን ያህል አይረብሸውም። እኛ ጋ ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሲመጡ የታክሲው ራዲዮ ጠራ።

ታዲያ ጩኸቱ ለምን አልጠፋም? መግቢያውን ስለቀየረ ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የድሮው ዲናሞ በአልተርኔተር ተተካ። እኛ ዛሬም ዲናሞ ነው የምንለው። አልተርኔተር የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኮረንት ነው፤ ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወደ ቀጥታ ይለውጡታል፤ ግን ፍጹም ለስላሳ አያደርጉትም። የቀረችው ትንሽ ሞገድ በሽቦ በኩል ቴፑ ውስጥ ትገባና «ዊዊዊ» ትላለች።

እኛ የካ አካባቢ ያለን ሰዎች ለዚህ ነፃ ላቦራቶሪ አለን። ከቀበና በፈረንሳይ በኩል ወደ እንጦጦ ውጡ። ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ከወጣ፣ ስትለቁት ከወረደ፣ የዲናሞ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚፈጥን «ጠቅ ጠቅ» ከሆነ የካንዴላ ወይም የካንዴላ ገመድ ነው። ሞተሩ ምንም ይሁን ምን፣ ሸለቆ ስትገቡ ወይም ጋራ ሲከልላችሁ ብቻ «ሽሽሽ» የሚል ከሆነ ግን መኪናችሁ ጤነኛ ነው። የኤፍኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ጋራ ይከልለዋል። ለዚህ ምንም ማጣሪያ አይሠራም!

ስልክ ሊጠራ ሲል የሚመጣውን «ድዝ ድዝ ድዝዝ» ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጂኤስኤም ስልክ በሴኮንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ስለሚልክ ነው። ስልኩን ከቴፑ ራቅ አድርጉት፣ በቃ።

አሁን ወደ ሥራው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፦

1. ሞተር አጥፍታችሁ ቴፑን ብቻ ክፈቱ። ያኔም የሚጮኽ ከሆነ ዲናሞውን አትጠርጥሩ።

2. ሞተር አስነስታችሁ ከራዲዮ ወደ ፍላሽ ቀይሩ። ጩኸቱ ከጠፋ የገባው በአንቴና ነው፤ ካለ በሽቦ ነው።

3. ስልክ የምትሞሉበትን ቻርጀር ከሲጋራ መለኮሻው ንቀሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

4. ድምፁን እስከ ዜሮ ቀንሱ። ጩኸቱ እንዳለ ከቀጠለ የሚገባው ከድምፅ መቀነሻው በኋላ ነው፦ ወደ አምፕሊፋየር በሚሄደው ገመድ ወይም በግራውንዱ። ቴፑና አምፕሊፋየሩ ግራውንድ የወሰዱት ከተለያየ ቦታ ከሆነ በመካከላቸው ትንሽ ኮረንት ይሄዳል። ቀለምና ዝገቱን ፍቃችሁ ሁለቱንም አንድ ቦታ እሰሩ። የድምፅ ገመዱን ከባትሪ ከሚመጣው ሽቦ አርቁ።

ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት እንዳትረሱት ነው። ትናንት ያልነበረ የዲናሞ ጩኸት ዛሬ ከመጣ፣ ወይም በየቀኑ እየባሰ ከሄደ፣ አንዱ ዳዮድ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቴፑ እያስጠነቀቃችሁ ነው። ማጣሪያ ገዝታችሁ ብታፍኑት ዝም ይላል፤ ባትሪው ግን እየደከመ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ማታ፣ ሰው ጭናችሁ የእንጦጦን ዳገት እያጋመሳችሁ፣ መብራቱ ይደበዝዛል። ለማጣሪያ የምታወጡትን ገንዘብ መጀመሪያ ዲናሞውን ለማስለካት አውጡት።

ክፍል ውስጥ «ምክንያቱን ሳታውቁ ውጤቱን አትሸምድዱ» እል ነበር አይደል? ያው ነው። የእናንተ መኪና ምን እያለ እንደሚጮኽ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ታክሲ ለሚሠራ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።